ከኋላ የሚያምር ልብስ

ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ከገበያው ወደ ታች በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሱሪ የማያሳጥር ልብስ ሰፊ አለ። ወልደአረጋይ ይባላል። ዚፕ አይቀይርም፣ የተማሪ ዩኒፎርም አይሰፋም። የሚሰፋው ልብሰ ተክህኖ ብቻ ነው፤ ካባ፣ የቅዳሴ ቀሚስ፣ የመቅደስ መጋረጃ፣ ለንግሥ የሚወጣ ጃንጥላ። አንዲት ሴት የልጇን ሱሪ ይዛ ብትመጣበት ጨርቁን በሁለት ጣቱ አንሥቶ ካየው በኋላ ልጁ ሲቀስስ እንድታመጣው ነግሮ መልሷታል።

የእኔንና የእሱን ቤት የሚለየው አንድ አጥር ነው። ልጆች ሆነን አብረን ፊደል ቆጥረናል። እኔ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስሄድ እሱ መርፌና ክር ያዘ። ከብዙ ዓመት በኋላ ወደዚህ ከተማ ስመለስ ያልተለወጠ ሆኖ ያገኘሁት ብርዱንና እሱን ነው።

ወልደአረጋይ አንድ የጸና እምነት አለው፤ ልብስ የሚታየው ከኋላ ነው። ካህን ሲቀድስ ፊቱን ወደ መንበሩ፣ ጀርባውን ወደ ሕዝቡ ያደርጋል፤ ቆሞ የሚያስቀድሰው ሕዝብ የሚያየው እንግዲህ ጀርባውን ነው ይላል። ስለዚህ የፊቱን ነገር በቁልፍና በጠርዝ ያልፈውና ሙያውን በሙሉ ጀርባው መሐል ያፈሰዋል። መጀመሪያ ወፍራም ሲባጎ ያነጥፋል፤ በላዩ ወርቃማ ክር ይደርባል። መስቀሉ ከጨርቁ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ዓይነ ስውር በጣቱ ቢዳብሰው ይለየዋል። አራቱ ጫፎቹ ያብባሉ። ከግርጌው ደግሞ ወደ ጎን የምትታጠፍ ትንሽ መንጠቆ አለችው፤ ፊርማው ናት። ሕዝቡ ይህቺን መንጠቆ ልብ አይላትም፤ ካህናቱም የገዛ ጀርባቸውን አይተው አያውቁም። የምናውቃት እሱ፣ እኔና ነፍሷን ይማርና ሚስቱ ሰርካለም ነበርን።

ጨርቅ እንዴት እንደሚታይ የሚያውቀው እሱ ነበር፤ እንዴት እንደሚለበስ የምታውቀው ግን ሰርካለም ነበረች። ገና ያልተባረከውን ካባ ትከሻዋ ላይ ጣል ታደርግና ቤቱን አንድ ጊዜ ትዞርበታለች። ከዚያ አውልቃ፣ ጣቷን አንዱ ቦታ ላይ አድርጋ፣ "ወልዴ፣ እዚህ ጋ ይቧጥጣል" ትለዋለች። እሱ ያጉረመርማል፤ ግን ይተረትረዋል። አጥሬ ላይ ተደግፌ ይህን ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። አሁንም አንዳንድ ቀን በዚያው ሰዓት ወደ አጥሩ እወጣለሁ፤ የማየው ግን የለም። እሷ ከሞተች ወዲህ የአካባቢያችን ካህናት አንገታቸውን ማሻሸት አብዝተዋል።

ያላቸው አንድ ልጅ ፀደንያ ናት። ባሏ ምህረቱ አፋር በረሃ ውስጥ መንገድ ሥራ ላይ ነው። ስታረግዝ የት ትውለድ የሚል ጭቅጭቅ ተነሣ። የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለደው፤ እናት ግን የለችም። የምህረቱ እናት ወይዘሮ የውብዳር፣ ከጎረቤላ ደውለው፣ ሴት የሌለበት ቤት ውስጥ አራስ እንደማይታረስ አስታወቁ። ወልደአረጋይ ደግሞ እናቷ ባትኖርም የእናቷ ቤት አለ ብሎ ድርቅ አለ። ያ ቤት ከሰርካለም በኋላ የሚሰማበት ድምፅ የሬዲዮና የቆርቆሮው ብቻ እንደነበር የማውቀው እኔ ነኝ፤ ሬዲዮኑንም የሚከፍተው ለዜናው ብሎ አልነበረም።

በመጨረሻ ተስማሙ። ፀደንያ ሐኪም ቤት ስለሚቀርብ ደብረ ብርሃን ትወልዳለች። ልጁ ደኅና ከሆነ እስከ ክርስትናው አባቷ ዘንድ ትቆያለች። ልጁ ካልተመቸው ግን ወይዘሮ የውብዳር መጥተው እናትና ልጅን ጎረቤላ ይወስዳሉ። ከዚያ በኋላ ምህረቱ ከበረሃ ሲወጣ በቀጥታ ወደ ራሳቸው ቤት ነው። ወልደአረጋይ የልጅ ልጁን ቤቱ ውስጥ የሚያገኘው እስከ ክርስትናው ባለው ጊዜ ብቻ ነው፤ ወይም ከነአካቴው አያገኘውም።

በጥቅምት ሴት ልጅ ተወለደች። ወልደአረጋይ አጥሚት ማማሰል ተማረ፤ ሳፋ ላይ ጎንበስ ብሎ የሕፃን ጨርቅ አጠበ፤ ጎረቤታችን ይመኙሻል ልታግዝ ስትመጣ በር ላይ እየቆመ ሥራዋን ይፈትሽ ጀመር። እንዲህ እያለ የፀደንያ ጓደኞች ከአዲስ አበባ የላኩትን የሕፃን ልብስ አገኘው። ስስ ነው፣ ይለጠጣል፣ ድብ ተሥሎበታል። እጁ ላይ አንጠልጥሎ ወደ ብርሃኑ አዞረውና ይህ ልብስ ሳይሆን የጎመን ቅጠል ነው አለ። በኅዳር ውርጭ የልጅ ልጁን ጎመን አያለብስም። ሱቁን በቀን ዘግቶ ገባ፤ ይህ ከሰርካለም ቀብር ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

መጀመሪያ የሰፋው ትንሽ ካባ ነው። አንገት ላይ በመቆለፊያ ይያያዛል፣ እጅጌ የለውም። ልጅቷን ሲያለብሷት ውስጡ ጠፋች፤ ፀደንያ ፈልጋ አወጣቻት። ሁለተኛው እጅጌ ነበረው፤ አንገቱ ግን እስከ ጆሮዋ የሚደርስ ቀጥ ያለ ኮሌታ ሆነና ሕፃኗ ጉባኤ ላይ የተቀየመች ጳጳስ መሰለች። ይመኙሻል ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወጣች። ሦስተኛው ግን ሰመረ። ነጭ ጥጥ፣ ከውስጥ ገበር ያለው፣ ከፊት ለፊት በጥብጣብ የሚታሰር ሸሚዝ። ገበሩን ጉንጩ ላይ አድርጎ ሞከረው፤ ቅቤ ነው። ተደስቶ ለሳምንት የሚበቃ ሰፋ።

አንድ ነገር ግን አልሆንልህ አለው። በሕይወቱ ባዶ ጀርባ ሰፍቶ አያውቅም። ደግሞ ገና ማተብ ላላሰረች ልጅ መስቀል አጉልቶ ቢጠልፍ ወይዘሮ የውብዳር ምን እንደሚሉ ያውቃል። ስለዚህ በየሸሚዙ ጀርባ፣ በላይኛው ጨርቅና በገበሩ መሐል፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ ትንሽ መስቀል ከነሲባጎው ሰፍቶ ከደነበት። ለእኔ እንኳ የነገረኝ በኋላ ነው። እግዜር ያየዋል ብሎ ነበር።

ልጅቷ ማልቀስ የጀመረችው ያን ሳምንት ነው። ትከሻ ላይ ሲያደርጓት ዝም ትላለች፤ ሲያስተኟት ታለቅሳለች። ሲያነሷት ዝም፣ ሲያስተኟት ለቅሶ። ይመኙሻል ቁርጠት ነው አለች። ሐኪም ቤት ወሰዷት፤ ልብሷን አውልቀው መዘኑ፣ አዳመጡ፣ ምንም የላትም ተባለ፤ በእርግጥም እዚያ ራቁቷን ሚዛን ላይ ተጋድማ እጇን ስታጣጥም ነበር። ፀደንያ እቅፍ ለምዳ ነው ብላ ተስፋ ቆረጠች። ወልደአረጋይ ብርድ ነው ብሎ ሌላ ሸሚዝ ከላይ ደረበላት። አሁን መስቀሉ ሁለት ሆነ፤ ለቅሶውም እንደዚያው። ቀኑን ሙሉ ልጅቷን ትከሻው ላይ አድርጎ ቆሞ ሲሰፋ ይውላል፤ አንድ የደብር መጋረጃ ጠርዙ እንደ እባብ ተጣሞ የወጣው ያን ጊዜ ነው።

ወሬው ጎረቤላ ደረሰ። ወይዘሮ የውብዳር በጠዋቱ ሚኒባስ ማርና ቅቤ ይዘው መጡ። ረዥም ናቸው፤ በር ሲገቡ ቤቱ ያንሳል። ልጅቷን ተቀበሉ፣ ጀርባዋን ዳበስ አደረጉና ይህ ደንዳና ነገር ምንድን ነው አሉ።

"ብርድ እንዳይገባት ብዬ ነው" አለ ወልደአረጋይ።

"እርስዎ ልብስ ነው የሰፉት ወይስ ጣውላ?"

ከዚያ ልጅቷን አስተኙ፤ አለቀሰች። አነሡ፤ ዝም አለች። ሁለተኛ አልሞከሩም። ፀደንያ ሻንጣዋን እንድታዘጋጅ፣ በማግስቱ አብረው እንደሚሄዱ ተናገሩ። ስምምነቱ ስምምነት ነው። ወልደአረጋይ ወጥቶ አጥሩ ጋ ቆመ፤ ስለ ውርጩ አወራሁት።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ልጅቷን ያጠቡት ራሳቸው ወይዘሮ የውብዳር ነበሩ። ከሰል አቀጣጥለው፣ ሳፋውን አጠገቡ አድርገው፣ ሸሚዞቹን አወለቁላት። ጀርባዋን ሊያሹ ገልበጥ አደረጓት። እጃቸው ውኃው ውስጥ ቀረ። ከዚያ የተሰማው እልልታ እኔን ከነመነጽሬ በአጥር አዘለለኝ።

የሕፃኗ ጀርባ ላይ፣ በሁለቱ ትንንሽ ትከሻዎቿ መሐል፣ ቀላ ያለ መስቀል ነበረ። ጥርት ያለ ነው። አራት ጫፎቹ ያብባሉ።

ወልደአረጋይ ከሱቁ እየሮጠ መጥቶ አጎነበሰ። መስቀሉን አየ። አበቦቹን አየ። ከግርጌው የምትታጠፈውን መንጠቆ አየ። ቀና ብሎ እኔን አየኝ። እኔ ከሰሉን አየሁ።

አፉን ከፈተ። ሊናገር እንደነበር ዛሬም እመሰክርለታለሁ። ወይዘሮ የውብዳር ግን እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ቀደሙት።

"አቶ ወልደአረጋይ፣ ሻንጣውን ፍቱት። ምልክት የተሰጣት እዚህ ቤት ነው። ክርስትና እስክትነሣ ከዚህ ንቅንቅ አትልም።"

አፉን ዘጋ።

እስኪመሽ ወይዘሮ የውብዳር ጎረቤላ ላለ ዘመድ ሁሉ ደወሉ። ይመኙሻል ደግሞ ስልክ አላስፈለጋትም፤ በእግሯ አዳረሰችው። በማግስቱ ግቢው በሰው ተሞላ። ሙክት የተሳለ አለ፣ ጧፍ ይዞ የመጣ አለ። ልጅቷ ስታለቅስ ቁርጠት የሚል ጠፋ፤ ቅዱስ፣ ቅዱስ እያለች ነው ሆነ። ይመኙሻል በር ላይ ሆና ሰው በተራ ታስገባለች፤ አጥሚት በማማሰል ጊዜ ያላገኘችውን ሥልጣን አሁን አገኘች።

ወልደአረጋይ እኔ ዘንድ መጥቶ ተቀመጠና ሁሉን ነገረኝ። ሸሚዙን ቢቀይርላት ምልክቱ በአንድ ቀን ይጠፋል፤ ምልክቱ ከጠፋ ሻንጣው ይታሰራል። ሸሚዙን ባይቀይርላት ልጅቷ አትተኛም። ምን እንደሚያደርግ ጠየቀኝ። እውነቱን ተናገር አልኩት። አንተ የተማርክ ነህ፣ ለአንተ ቀላል ነው አለኝና ተነሥቶ ሄደ።

መሐከለኛ መንገድ ፈለገ። ማንም ሳያይ በሸሚዙና በልጅቷ ጀርባ መሐል ባዘቶ ጥጥ አስገባ። ልጅቷ ወዲያው ተኛች፤ እግሮቿን ዘርግታ፣ አፏን ከፍታ፣ እንደ ሰው ተኛች። አጠገቧ ቁጭ ብሎ ሲያያት ቆየ። ከሰዓት በኋላ ግን ወይዘሮ የውብዳር ለእንግዳ ሊያሳዩ ገለጡና ምልክቱ እንደደበዘዘ አስተዋሉ። ፊታቸው ጠቆረ። ምናልባት ቤቱ አልተስማማት ይሆናል ብለው ጥግ ላይ ያለውን ሻንጣ ተመለከቱ። ወልደአረጋይ እንግዳው ሲወጣ ጠብቆ ጥጡን አወጣው። ይህን ሲነግረኝ ዓይኔን አላየም።

በሦስተኛው ቀን ቄስ ገብረመንፈስቅዱስ መጡ። ከበዓል ቅዳሴ ስለመጡ ካባቸውን እንደ ደረቡ ነበሩ። የሚቀድስ ካህን አራስ ቤት አይገባምና ውጭ በመስኮቱ በኩል ቆመው ነገሩን ጠየቁ። ወይዘሮ የውብዳር ከውስጥ ሆነው መለሱ። ቅርጹን ከላይ እስከ ታች ዘረዘሩ፤ አበቦቹን፣ መሐሉን፣ ከግርጌው ያለችውን መንጠቆ።

"መንጠቆ?" አሉ ቄሱ። "መንጠቆ ያለው መስቀል እኔ በዘመኔ አይቼ አላውቅም።"

እውነታቸውን ነው። ከእሳቸው በስተቀር የደብሩ ሰው ሁሉ በየእሑዱ ያየዋል፤ ካባቸው ጀርባ ላይ ነው። ቄሱ አጠገብ የቆመውን ወልደአረጋይን ላብ አጠመቀው። ቄሱ ዞር ቢሉ ወይዘሮ የውብዳር በመስኮቱ ፊት ለፊት ያነቡታል።

ቄሱ ብዙ አልተናገሩም። በክርስትናዋ ቀን ራሳቸው ስለሚያጠምቋት ያን ጊዜ በዓይናቸው ያዩታል፤ እስከዚያ ሰው ይበተን አሉ። ከዚያ ትንሽ አዳመጡና፣ "ለመሆኑ ልጅቷ ምን ሆና ነው እንዲህ የምታለቅሰው?" ብለው ጠየቁ። ሊሄዱም ዞሩ።

ወልደአረጋይ ዘሎ ከኋላቸው ተለጠፈ። ቄሱ አንድ እርምጃ ሲሄዱ እሱም አንድ፤ ወደ ቀኝ ሲሉ ወደ ቀኝ። ምን ሆነሃል ሲሉት ነፋስ እየከለለላቸው መሆኑን ነገራቸው። እስከ ግቢው በር ድረስ እንደ ጥላ ተከትሎ አወጣቸው። ማንም አላየም። ድኗል።

ሲመለስ ሕፃኗ ታለቅሳለች። በሩ ላይ ቆመ። እኔ እሱ ወደ እኔ ያያል ብዬ ጠበቅሁ፤ አላየም። የቄሱ ጥያቄ ፊቱ ላይ ነበር። ቀጥ ብሎ ገባና ልጅቷን ከአልጋው አነሣት። ጥብጣቡን ፈታ፣ ሸሚዙን አወለቀ፣ ራቁቷን ደረቱ ላይ አድርጎ ዙሪያውን ተመለከተ። የሚጠቀልልበት አጣ፤ በቤቱ ያለው ጨርቅ ሁሉ እሱ የሰፋው ነው።

"እትዬ የውብዳር፣ ነጠላዎን ይስጡኝ።"

ለብሰውት የነበረው የቤት ነጠላ በእጥበት ብዛት የሳሳ፣ ጥለቱ የለቀቀ ነበር። ግር ብሏቸው አውልቀው ሰጡት። ጠቅልሎ አስተኛት። ሰው ሁሉ ለቅሶውን ጠበቀ። ልጅቷ አንድ ጊዜ አዛጋች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ ተኛች።

ወልደአረጋይ ከኪሱ መቀስ አወጣ። ሸሚዙን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ገበሩን ተረተረው፤ በሙያው እንደሚተረትር ሰው፣ ጨርቁን ሳይጎዳ። ከፈተውና ለወይዘሮ የውብዳር አቀበላቸው። ሲባጎው፣ አበቦቹ፣ መንጠቆዋ።

ጣታቸውን መንጠቆዋ ላይ አሳለፉ። ከዚያ ቀና አሉና ለእንግዶቹ ሕፃኗ መተኛቷን፣ ሁሉም በሰላም ወደየቤቱ እንዲሄድ ተናገሩ። ይመኙሻል ልትቀር ሞክራ ነበር፤ በዓይናቸው አወጧት። እኔን ረሱኝ።

"ባዶ ጀርባ መስፋት አልችልም" አለ ወልደአረጋይ። "ሌላ ምክንያት የለኝም። ጥጥ አድርጌላት ተኝታ ነበር፤ እንዳይወስዷቸው ብዬ መልሼ አወጣሁት። አሁን ይውሰዷቸው። ሻንጣውን እኔ አስራለሁ።"

አልጋው ላይ ያለችው ፀደንያ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዋ ስባ ነበር። ታለቅስ ይሆናል ብዬ አየኋት፤ ብርድ ልብሱ ግን የሚንቀጠቀጠው በሳቅ ነው።

ወይዘሮ የውብዳር ተቀመጡ። ሸሚዙን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው መልሰው ዘረጉት።

"የት ነው የምወስዳት?" አሉ በመጨረሻ። "ጎረቤላ? ሦስት ቀን ሙሉ ስደውል የዋልኩበት ጎረቤላ? ማኅበርተኛው ሁሉ የሚኒባሱ ማቆሚያ ላይ እየጠበቀኝ ነው። ጀርባዋን ገልጬ ምን ላሳያቸው?"

ወልደአረጋይ የሰማው ነገር ቶሎ አልገባውም።

"ወሬው እስኪበርድ እዚሁ ትቆያለች" አሉት እንደ ሞኝ እያዩ። "እስከ ክርስትና። ከዚያም ወዲያ ቢሆን። እኔም እቆያለሁ፤ በምን ፊቴ ነው የምሄደው? ግን መርፌ ሳያስነኳት። ያንን የድቡን ልብስ አምጡልኝ።"

ድቡ ተገኘ። ለብርዱ ደግሞ ወይዘሮ የውብዳር ያንኑ አሮጌ ነጠላ እየቆረጡ ሰጡትና እሳቸው አጠገቡ ተቀምጠው እያዘዙት ሸሚዝ ሰፋ፤ ገበር የሌለው፣ ስፌቱ ወደ ውጭ የሆነ፣ ጀርባው ሜዳ የሆነ። መርፌውን ያነሣ ቁጥር እጁን በዓይናቸው ይከተሉታል። ልጅቷ ለብሳው ተኛች። ተነሥታ ጠባች። እንደገና ተኛች። ወልደአረጋይ ዝም ያለውን ቤት ፈርቶ ሬዲዮ ለመክፈት እጁን ዘረጋ፤ ከዚያ ተወው።

በሰማንያ ቀኗ ቄስ ገብረመንፈስቅዱስ አጠመቋት፤ ፍቅርተማርያም ተባለች። ከውኃው ሲያወጧት ጀርባዋን አዩ፤ ንጹሕ ነው። ወደ ወልደአረጋይ ዞረው አንገታቸውን አሻሹ።

ካባቸውን ለማስተካከል የወሰደው በዚያው ሳምንት ነው። አሁን አሠራሩ ተለውጧል። ሰፍቶ ሲጨርስ ይደርበውና ሱቁ ውስጥ ያለው አግዳሚ ላይ በጀርባው ይጋደማል። በመንገዱ የሚያልፍ ሰው በሩ ክፍት ከሆነ የወርቅ ዘርፍ ያለው ካባ ለብሶ ጣሪያ የሚያይ ሰው ያያል። አንድ ቀን አጥሩን ዞሬ ገብቼ ምን እንደሚጠብቅ ጠየቅሁት።

"የት ጋ እንደሚቧጥጥ" አለኝ። "ሰርካለም ቆማ ነበር የምታውቀው።"

ወይዘሮ የውብዳር ጎረቤላ የተመለሱት ከጥምቀት በዓል በኋላ ነው። ለልጅቷ በሰጡት ነጠላ ፈንታ ወልደአረጋይ አዲስ ነጠላ ሠራላቸው፤ ሲያጣፉት ትከሻቸው መሐል የሚያርፍ ወርቃማ መስቀል ያለው። የልጅቷን ምልክት እንዲያሳዩት የሚጠይቃቸው ሰው አሁንም አይጠፋም ይባላል። ያን ጊዜ ዞር ይሉለታል።